የማዳም መኪና ግራሶ

የጎረቤታችን የመምህሩ መኪና ዛሬም ጠዋት አልነሳ አለች። የጥር ብርድ ጦሳ ተራራ ላይ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ሰፈራችን ወደ ሸዋ በር ሲወርድ ሰውም መኪናም አንድ ነው፤ ሁለቱም ያስላሉ እንጂ አይነሱም። ክርር፣ ክርር፣ ከዚያ ዝም። ጋቢዬን ደርቤ በመስኮት ስመለከት የሰፈሩ ጎረምሳ ተጠራርቶ ከኋላዋ ተደርድሯል። ደሴ ውስጥ መኪና መግፋት እንደ ቀብር ነው፤ ጠሪ አያስፈልገውም። ገፍተው ገፍተው ሲደክማቸው መምህሩ የሞተሩን ክዳን ከፈተና እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ አወጣው፤ ከሰል መስሏል። ሚስቱ ከግቢው በር ብቅ ብላ «ወግድ እዚያ! እንዳትነካኝ!» አለችና አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች። ቀልዷን ነው፤ ከተጋቡ ገና ዓመታቸው ስለሆነ የሚቀልዱበት ጊዜ ነው። ጂዳ ያለችው እህቷ የላከችላትን ዑድ የሚሉትን ሽቶ ነስንሳዋለች መሰለኝ፣ ነፋሱ የእሷን ሽቶና የእሱን ግራሶ አንድ ላይ ጠቅልሎ በመስኮቴ አስገባው። ያፈላሁትን ሻይ ሳልቀምስ ደፋሁት።

ዑድ አልወድም። እንዲህ ስል ሰው ደንግጦ ያየኛል። ሠርግ ቤት ብልቃጧ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ ሴቱ ሁሉ አንገቱንና የእጁን አንጓ ሲቀባ፣ እኔ በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር እፈልጋለሁ። «ሐጃ፣ አንቺ ስንት ዘመን ጂዳ የኖርሽ ሰው እንዴት ዑድ ትጠያለሽ?» ይሉኛል። ጂዳ ስለኖርኩ ነዋ! ለእነሱ ዑድ የሀብት ሽታ ነው። ለእኔ በሠራተኝነት ያገለገልኳት ማዳም ናት፤ ሰው ሰውን ሲጸየፍ የሚሸተው ሽታ ነው። ግራሶውማ ምን አደረገኝ? ግራሶ ከሥራ የመጣ ቆሻሻ ነው፣ ሲያዩት ምን እንደሆነ ይታወቃል። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን አንዲት ብርዳም የጂዳ ጠዋት ተመልሳ ትመጣብኛለች።

ዘመኑ ከየቤቱ አንዲት ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር የምትነቀልበት ዘመን ነበር። ከወረኢሉ፣ ከከሚሴ፣ ከሐይቅ፣ ከየት ያልወጣች አለ? ደላላው አንድ ዓይነት ሻሽ አስሮልን፣ ወረቀታችንን በላስቲክ አንገታችን ላይ አንጠልጥሎልን፣ በአውሮፕላን ጣቢያው እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተራ ይዘን እንሄድ ነበር። የመጀመሪያዋ አባያዬ የማዳም አሮጌ ነበረች። ቁመቷ ለእኔ ስለረዘመ ጫፏን በመርፌ ቁልፍ ይዤ ለብሻታለሁ፤ ከዓመት በኋላ ከጎዳና ሻጭ የገዛኋት፣ እጅጌዋ ላይ ብር የመሰለ ክር የተጠለፈባት አዲስ አባያ ግን እንደ ሙሽራ አድርጋኝ ነበር። የምንኖርበትን የጂዳ ሰፈር፣ በግዳዲያን፣ እንኳ አልጠላሁትም። ግድግዳው የተላላጠ ሰፈር ነው፤ ከየሰገነቱ የተንጠለጠለው ማቀዝቀዣ ውሃውን በአላፊ አግዳሚው አናት ላይ ያንጠባጥባል። ማዕዘኑ ላይ አንድ የመናዊ ፉል ሻጭ ነበር፤ በአንድ ሪያል አራት ሳሙሊ ዳቦ ይሰጣል፣ ሌላ አንድ ሪያል ከጨመሩለት ሦስት ሰው የሚያጠግብ ፉል ዘይት አፍስሶበት ይጨልፋል። ከጎኑ የካሴት መሸጫ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ወዲያ፣ የአንዲት ግብፃዊት ድምፅ ከዚያ ይወጣና እስከ እኛ ወጥ ቤት መስኮት ይደርሳል። ቃሉ ባይገባኝም ዜማውን አብሬያት አዜም ነበር፣ ሩዝ እየለቀምኩ።

የሐበሻ ሴቶች መገናኛችን ደግሞ፣ ሳቁብኝ፣ የቆሻሻ ገንዳው ነበር። ከቤት ብቻችንን የምንወጣው ቆሻሻ ልንደፋ ብቻ ስለሆነ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ፣ እያንዳንዷ ጥቁር ላስቲኳን ይዛ ብቅ ትላለች። ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ የማን ኢቃማ፣ መኖሪያ ፈቃዷ፣ ታደሰ፣ የማን ከፊል፣ ዋስ የሆናት አሠሪ፣ ደመወዝ ከለከለ፣ ሁሉንም የሰማነው የበሰበሰ ሽንኩርትና የሕፃን ሽንት ጨርቅ እየሸተተን፣ ድመት በእግራችን መካከል እየተሹለከለከ ነው። ዛሬ ልጆቹ በስልካቸው ፊት ለፊት ሲተያዩ እኔ ያ ገንዳ ነው የሚታየኝ።

እናቴ ለሐጅ እንደመጣችም የሰማሁት እዚያው ነው። መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ሱቅ ያለው ያገራችን ሰው በአንዲት የሐይቅ ልጅ በኩል መልእክት ልኮብኝ፣ ልጅቱ ላስቲኳን ወርውራ «ዘይኑ፣ እናትሽ ሚስፈላ ናት! በዓይኑ አይቷታል!» አለችኝ። ላስቲኬን እንደያዝኩ ቤት ተመለስኩ፤ ሳልደፋው። እናቴን ካየኋት ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወንድሜ በሬ ሸጦ፣ እኔ ከላክሁት ጨምሮበት ነው የላካት፤ ለእሷ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ጂዳና መካ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ ሐይቅ ደርሶ እንደመመለስ ቢሆን ነው። ለማዳም ነገርኳት። «ኢንሻአላህ፣ ቡክራ» አለች። ቡክራ ነገ ማለት ነው፤ በማዳም አፍ ግን መቼም ማለት አልነበረም። ዒዱ አለፈ፣ ሐጃጆች መመለስ ጀመሩ፣ ቡክራ አልመጣም። በመጨረሻ የሐይቋ ልጅ «ነገ ከዙህር በፊት ነው የሚሄዱት፣ አውቶቡስ መጥቶላቸዋል» ስትለኝ ማዳም እግር ሥር ወደቅኩ። እንዲያው ዕድሌ ሆኖ በማግሥቱ እዚያው መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ አባቷ ቤት ምሳ ነበራት፤ ስለዚህ ከመንገዷ አላስወጣትም። «ያላ፣ ኸላስ፣ በቃ ትመጪያለሽ። አይተሻት ብቻ ትመለሺና ምሳውን ትሠሪያለሽ» አለችኝ።

ስለ ማዳም ልንገራችሁ። ሁሉም እንደሷ ናቸው አልልም፤ አብራ የምታበላ፣ እንደ ልጇ የምታይ የገጠማት አለች። እኔ የማወራው ስለ እኔዋ ነው። የራሴ ብርጭቆ፣ የራሴ ሰሃን፣ የራሴ ማንኪያ ነበረኝ። ክብር እንዳይመስላችሁ፤ ከእነሱ ጋር እንዳይነካካ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከበረኪናው ጎን ነበር የሚቀመጠው። ሊጡን የማቦካው እኔ፣ የልጆቿን አፍ የምጠርገው እኔ፣ የውስጥ ልብሷን የማጥበው እኔ። እጄ ያቦካውን ትበላለች፣ እጄ የያዘውን ብርጭቆ ትጸየፋለች። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ላስታርቀው አልቻልኩም። መኪና ውስጥ ከኋላ መጨረሻ፣ ዕቃ በሚጫንበት፣ ናይሎን ተነጥፎልኝ እቀመጣለሁ። «ሪሐ!» ትልና፣ ሽታ ማለቷ ነው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ዑዷን ወደ ኋላ ፍስስ ታደርግብኛለች፤ በረሮ የምታባርር ይመስል።

ያቺ ጠዋት ነጋች። በእኛ በጋ በሆነው ወር በእነሱ አገር ብርድ ነው፤ እነሱ ብርድ ይሉታል እንጂ ወረኢሉ ላደገች ሰው የግንቦት ጠዋት ነው። ማዳም ግን የሱፍ ካፖርት በአባያዋ ላይ ደርባ፣ ልጆቹን እስከ አፍንጫቸው ጠቅልላ ነው የወጣችው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። ጂዳ ዝናብ አታውቅበትም። አንዲት ሰዓት ከዘነበ የየቤቱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሞልቶ ይፈስና መንገዱ ጥቁር ሐይቅ ይሆናል፤ ላዩ ላይ ምን ምን እንደሚንሳፈፍ ባልነግራችሁ ይሻላል። ያ ትልቁ የአሜሪካ ሥሪት መኪናቸው እመሐሉ ቆሟል። ሹፌሩ ሙሔ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አገሩ እያለ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። መንጃ ፈቃዱን እንዴት እንዳወጣ አላህ ይወቅለት። ቁልፉን አዞረ፤ ክርር አለ። ደግሞ አዞረ፤ ትክ፣ ትክ። ከዚያ ያም ቀረ።

እኔ የማስበው አውቶቡሱን ነው። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት፣ በፊት ብለዋል፤ እሱ ደግሞ ሲፈልግ አራት ሰዓት፣ ሲፈልግ ስድስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሙሔ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ሱሪውን ጠቀለለና «ዘይነባ፣ ነይ ግፊ! በግፊ ትነሳለች!» አለኝ። መቼስ ሐበሻ አይደለን፤ መኪና ቆመ ሲባል ከመግፋት ሌላ መድኃኒት የሚታየን የለም። አባያዬን ሰብስቤ፣ በነጠላ ጫማዬ እዚያ እርኩስ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ቀዝቃዛና ወፍራም ነበር። በጣቶቼ መካከል ምን እንደተሹለከለከ እስከ ዛሬ ማሰብ አልፈልግም። ሙሔ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ከጎን፣ እኔ ከኋላ፤ «ያ አላህ! ያ ረሱለላህ!» እያልን ያን የብረት ተራራ ገፋነው። ልጆቹ ውስጥ ሆነው በመስኮት እያዩኝ ይስቃሉ። ማዳም በረንዳው ላይ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ «ያላ! ያላ!» ትላለች። እስከ ካሴት ቤቱ አደረስነው። ሙሔ ገብቶ ማርሽ ሞከረ፤ ምንም። እንደገና ገፋነው፣ እስከ መስጊዱ ግድግዳ፤ ምንም።

ያ የመናዊ ፉል ሻጭ ጭልፋውን እንደያዘ ወጥቶ ሲያየን ቆይቶ፣ ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። «ያ ሐበሻ!» አለን፣ «ይህ እኮ አውቶማቲክ ነው! እስከ መካ ብትገፉትም አይነሳም!» ሙሔ አላመነም። «አገሬ ስንቱን አስነስቻለሁ» ብሎ ሦስተኛ ጊዜ አስገፋኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። የዚያን ሰውዬ ድርቅና ሳስብ ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል፤ የኔንም ሞኝነት። መኪና በግፊ እንደሚነሳ እንደ ሃይማኖት ነበር የምናምነው።

በመጨረሻ ሙሔ ክዳኑን ከፈተ። የባትሪው ማሰሪያ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አብቅሎ፣ ሻጋታ የያዘ አይብ መስሏል። እየፈታ ሳለ የብሎኑ ዳዶ ከእጁ አምልጣ ቅጭል፣ ቅጭል እያለች ሞተሩ ውስጥ ገባች። የሙሔ እጅ ዳቦ የሚያህል ስለሆነ አልገባ አለ። ዞሮ አየኝ። «እጅሽ ቀጭን ነው» አለ። እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ብብቴ ድረስ ከተትኩት። ውስጡ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ግራሶና አቧራ፣ የተጋገረ፣ የሚያዳልጥ፣ የሞተ ነገር የሚሸት ነበር። በጣቴ እየዳሰስኩ አንድ ነገር ያዝኩ፣ የደረቀ በረሮ ሆኖ ተገኘ፤ ጣልኩት። በሌላኛውም እጄ ገባሁ። ዳዶዋን ሳገኛት ሁለቱም እጆቼ ከክርን በታች የእኔ አልነበሩም። የመናዊው አላህ ይስጠውና የራሱን ፒካፕ አስጠግቶ ከባትሪ ባትሪ በሽቦ አገናኘልን። መኪናው ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ፀሐይዋ ከሕንፃዎቹ በላይ ሆናለች። እኔ «አልሐምዱ ሊላህ» ብዬ ወደ ኋላው በር ስሮጥ ማዳም «ቂፊ!» አለችኝ። ቁሚ።

ሳሙና የምታመጣልኝ መስሎኝ ነበር። በረኪና ይዛ ወረደች፤ ያንን ከብርጭቆዬ ጎን የሚቀመጠውን። «እጅሽን ዘርጊ» አለችኝና፣ እንዳይነካት ክንዷን ራቅ አድርጋ፣ ውሃ ሳትጨምርበት አፈሰሰችው። ግራሶ በበረኪና አይለቅም፤ ቆዳ ነው የሚለቀው። በየስንጥቁ ገብቶ አንጨረጨረኝ። ጥቁሩ ጥቁር እንደሆነ ቀረ፣ በመካከሉ ሥጋዬ ቀላ። «ወስኽ!» አለች፣ ቆሻሻ። እግሬን መስጊዱ ቧንቧ ላይ ታጠብኩ፤ ነጃሳው፣ እርኩሱ እድፍ፣ በውሃ ለቀቀ፣ ግራሶው ቀረ። ከዚያ ድርብ ናይሎን ተነጠፈልኝ፣ ምንም እንዳልነካ ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ አንስቼ እንድቀመጥ ታዘዝኩ፣ ዑዱ ከራሴ እስከ እግሬ ተረጨብኝ። መኪናው ተነቃነቀ። ግራሶ፣ በረኪና፣ ዑድ። እንደ ምርኮኛ እጄን ሰቅዬ መካ ገባሁ።

ሌላ ጊዜ ያንን መንገድ እወደው ነበር። ጥቁሩ ድንጋያማ ኮረብታ፣ ግመሎቹ፣ በመንገዱ ዳር ፍየል የሚጠብቀው ሱዳናዊ፣ ልቤ እንደ ሐጃጆቹ «ለበይክ» ሲል። ያን ቀን ያየሁት የማዳምን ማጅራት ብቻ ነው። እጄ ሲዝልብኝ ዝቅ ካደረግሁ በመስታወቱ ታየኛለች፤ መልሼ አነሳለሁ። ጀርወል አባቷ ቤት ደርሳ ስትወርድ ሙሔን «ውሰዳትና ቶሎ መልሳት፣ እንግዳ አለብኝ» አለችው። ሙሔ ያን ጊዜ ነው ዞር ብሎ «እጅሽን አውርጂ እንጂ፣ ኸላስ፣ ሄዳለች» ያለኝ። ክርኔ አልታጠፍ አለ።

ሚስፈላ ያው ከሐጅ በኋላ የምትሆነዋ ሚስፈላ ነበረች። ሕዝብ አምላኩን ለምኖ ሲጨርስ የሚተወው ቆሻሻ ይገርመኛል፤ የተረገጠ ሩዝ፣ የላስቲክ ጠርሙስ፣ ነጠላ ጫማ፣ የዶሮ አጥንት፣ ሁሉም በዝናቡ ርሶ ተቦክቷል። ሱቁ በራፍ ላይ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። አናቱ ላይ ሻንጣና ፍራሽ ተቆልሏል። ገና አልሄደም! መኪናው ሳይቆም ዘለልኩ። የአገሬ ሽማግሌዎችና እናቶች ተሰልፈው እየተሳፈሩ ነው፤ ሁሉም ነጭ ነጭ ለብሰዋል። እናቴ ደረጃው ላይ አንድ እግሯን አድርጋለች። ከሳለች፣ አጥራለች።

«እማ!»

ዞረች። እኔ በአባያና በፊት መሸፈኛ ነኝ፣ ከዓይኔ በቀር የሚታይ የለም። ከደረጃው ወረደችና ጠጋ አለችኝ፤ አሸተተችኝ።

«ድምፅሽ የልጄ ነው» አለች። «ሽታሽ የማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማ፣ ዘይኑ ነኝ።»

መሸፈኛዬን ራሷ ገለጠችው። አየችኝና እጇን ዘረጋች። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እጆቼን ከኋላዬ አባያዬ ሥር ደበቅኋቸው። ምን ላድርግ? ነጭ ለብሳለች፣ ከአላህ ቤት ወጥታ ነው፤ እኔ ግራሶ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት «አትንኪ» ሲሉኝ ኖሬ፣ ለካ እኔም ራሴን ተጸይፌ ኖሯል።

«እጅሽስ?» አለችኝ።

«ምንም አልሆነም እማ። ይቆሽሽብሻል።»

«እጅሽን አሳይኝ።»

«እማ ተይ፣ ቆሻሻ ነው…»

ፊቷ ላይ ደም ጠፋ። እኛ አገር ስለ ዓረብ አገር የሚወራውን ታውቃላችሁ፤ ሌባ እጁ ይቆረጣል ይባላል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ቆረጡሽ?» አለችኝ። «ልጄ፣ ምን ወስደሽባቸው ነው?»

አወጣኋቸው። ሁለቱንም ፊቷ ላይ ዘረጋኋቸው፣ ጥቁርና ቀይ፣ የተላጡ። እናቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ሲሞሉላት «አልሐምዱ ሊላህ» ብላ አውቶቡሱን ተደገፈች። ከዚያ እጇን ወደ ደረቷ ሰድዳ የታጠፈ ነጭ አቡጀዴ አወጣች። ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አውቄዋለሁ። ያገራችን ሐጃጅ ሁሉ ይዞት የሚመጣው ነው፤ በተቀደሰው የዘምዘም ውሃ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ለሞቱ ቀን ሊከፈንበት ይዞት ይመለሳል። ሻንጣ ውስጥ እንኳ አላመነችውም።

«እማ! ከፈንሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለችና የቀኝ እጄን አውራ ጣት በጨርቁ ጠቀለለችው።

«ኧረ ይበላሻል! ዘምዘም የነካው ነገር…»

«ነጃሳ ነው?»

«አይደለም፤ ነጃሳውን ታጥቤዋለሁ። የመኪና ግራሶ ነው።»

«እንግዲያው ምን ትይኛለሽ? ሞቼ በምለብሰው በቁሜ ልጄን ብጠርግበት ማን ይጠይቀኛል?»

ጠረገችኝ። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር፣ የተላጠው ቦታ ላይ ስትደርስ እፍ እያለች። ልጅ ሳለሁ ከጭቃ ስታወጣኝ እንደምታደርገው ምራቋን በጨርቁ ጫፍ ነካ እያደረገች። ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። «ያላ ያ ሐጃ!» ሙሔም ከወዲያ «ዘይነባ፣ ማዳም ትገድለኛለች!» ይላል። እሷ ግራ እጄን ጀመረች። ስድስት ዓመት የያዝኩት ወሬ ነበረኝ፤ የወንድሜን ልጆች ልጠይቃት፣ የአባቴን መቃብር ማን እንዳጠረው ልጠይቃት፣ ስንት ነገር። ስለ ግራሶ አውርተን ተለያየን። ጨርቁን ጥቁሩን ወደ ውስጥ አድርጋ አጥፋ ደረቷ ውስጥ መለሰችው፣ ያን ጊዜ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ክንዷን ይዘው አሳፈሯት።

ጀርወል ስመለስ ማዳም እጄን ገልብጣ አየችና ገና አልነጻም ብላ የናይሎን ጓንት አልብሳኝ ምሳዋን አሠራችኝ። እንግዶቹ በሉ፣ አመሰገኑ። ያን ቀን ጠላኋት። ከዚያ በፊት እፈራት ነበር፤ ፍርሃቱ ለቀቀኝና መጸየፉ መጣ፣ ከእርሷ ይልቅ እኔ ተጸያፊዋ ሆንኩ። ኮንትራቴ እንዳለቀ ወጣሁ። ሌላ ቤት፣ ሌላ ማዳም፣ ሌላ ከፊል፣ ሌላ ሰፈር። እናቴ መሞቷንም የሰማሁት በሌላ ሰፈር ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ነው፣ ከተቀበረች ወር ካለፋት በኋላ።

አገሬ ስገባ በቀጥታ ወረኢሉ ሄድኩ። ለቅሶ ሊደርሱኝ የመጡት ሴቶች ከእናቴ ሞት ይልቅ ስለ ከፈኗ ነበር የሚያወሩልኝ። «የታደለች! ከፈኗ ሐጀረል አስወድን፣ ጥቁሩን ድንጋይ፣ የነካ እኮ ነው!» አንዷ ዓይኑ ያበጠ ልጇን አምጥታ ጥቁሩን አስነክታዋለች፣ ድኗል። ሌላዋ ምጥ ሲጠናባት ትራሷ ሥር አድርገውላታል። ከካዕባው ማዕዘን ያለው ያ የተከበረ ድንጋይ ጥቁረቱን ለእናቴ አቡጀዴ ለቆላት፣ አገሩ ሁሉ እየተሳለመው ኖሯል! በረሮ የሞተበትን፣ ማዳም የተጸየፈችውን ግራሶ ስንቱ ሰው ግንባሩን አስነክቶታል።

አክስቴ ሩቂያ የሴቶች ሬሳ አጣቢ ናት። ለቅሶው ሲቀል፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ምስር ስንለቅም፣ መያዝ አቃተኝ።

«አክስቴ፣ ያ ጥቁር የድንጋዩ አይደለም። ድንጋዩ ቀለም አይለቅም።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ከሰፌዱ ቀና ሳትል። «የመኪና ቅባት ነው። ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለሰዉ ለምን አልነገረችም?»

«ምንድን ነው ሲሏት ከመካ ነው ትላለች። ውሸት አለው? የቀረውን ሰዉ ራሱ ጨረሰው። እኔ እንኳ አንድ ቀን በሳሙና ላለቅቀው ብዬ ብወስደው ከእጄ ነጥቃኛለች፣ ተቆጥታ።»

«እና… በሱ ነው የቀበራችኋት?»

አክስቴ ያን ጊዜ ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«ሼኹ ሌላ ንጹሕ አለ፣ ይቀየር ቢባል አይከፋም ብለውን ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ፤ ኑዛዜዋ ነዋ። የልጄ እጅ ያለበት በኩል ወደ ፊቴ ይሁን ብላኛለች። በቀኝ ጎኗ ስለምትተኛ፣ ስንከፍናት ጥቁሩን ጉንጯ ላይ አደረግንላት።»